መርፌው በማን እጅ ነው?

የሱቁን ቁልፍ ያስረከብኩ ዕለት ቀኝ ኪሴ ቀለለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ከባዱ ቁልፍ በዚያ በኩል ስለሚጎትተኝ ሱሪዎቼ ሁሉ በአንድ ጎናቸው ያረጁ ነበር። አሁንም ጠዋት ስነሳ እጄ ኪሴን ይዳብሳል፤ ምንም የለም። ልጄ ምሕረት ይህን አይታ «አባ፣ ቁልፉ ከሌለ ብዕር ያዝ። ቢያንስ እኔን መምከር ትቀንሳለህ» አለችኝ። ምክሩን አልቀንስም። ብዕሩን ግን ይዣለሁ።

ሥራዬ ከቤይሩት ወጣ ብሎ ዛልቃ ላይ በነበረ የእንስሳት መኖና መድኃኒት ሱቅ ውስጥ ነበር። «የስኳር በሽታ ላለባቸው ውሾች ዕቃ እመርጣለሁ» ስል ያልሳቀ የአገሬ ሰው አላጋጠመኝም። መጀመሪያ «ውሻም ስኳር ይይዘዋል?» ይላሉ። ቀጥለው «እኛ አገር ውሻ አጥንት ካገኘ መች አነሰው!» ባለቤቴ መዝረዓ የሚባል ሰፈር ውስጥ ፀጉር ቤት አላት፤ ደንበኞቿ «የውሾቹ ዶክተር እንዴት ነው?» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ዶክተር አይደለሁም። የመድኃኒቱን መጠን የሚወስነው ሐኪም ነው። እኔ የመረጥኩት መርፌውን፣ መለኪያውን፣ መኖውን ነው። ይህን ድንበር የማይጠብቅ ሰው ነፍስ ያጠፋል። የውሻም ነፍስ ነፍስ ናት፤ የፈጠራትን የሚያከብር ሰው በዚህ አይስቅም።

ሱቁ ውስጥ የገባሁት የእንስሳት ቤት ላጥብ ነው። ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ። ዓረብኛ ማንበብ የተማርኩት ከካርቶን ላይ፣ ፈረንሳይኛ ደግሞ ከመኖ ከረጢት ጀርባ ነው። ምሕረት እዚያው ተወልዳ፣ ትምህርት ቤት ገብታ ቋንቋውን እንደ ውሃ ስትጠጣው «አባ፣ ያንተ ፈረንሳይኛ እኮ ስለ ፋይበርና ስለ አመድ ብቻ ነው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው። ከረጢቱ ላይ ከእሱ ሌላ የተጻፈ የለም። ነገር ግን ያቺን ያህል ያወቀ ሰው፣ ስኳር ላለበት ውሻ የሚሆነውን መኖ ከማይሆነው ይለያል። የሚሆነው ፋይበሩ ከፍ ያለ፣ ጣፋጭ ሽሮፕ ያልገባበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዛሬም ነገም ያው የሆነው ነው። ዛሬ አንዱን ነገ ሌላውን የሚያበላ ሰው ሐኪሙን በጨለማ ያስኬደዋል።

ያስተማረኝ ሙዓለም አጎፕ ነው። ዓረቡ የሙያ ጌታውን ሙዓለም ይለዋል። የሱቁ ባለቤት፣ አርመን፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ እሱም ራሱ ስኳር ያለበት ሰው ነበር። ሱቁ ምድር ቤት፣ መኖሪያው ሦስተኛ ፎቅ። አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር እቤቱ ሳያሰነብተው መደርደሪያ ላይ እንዲወጣ አይፈቅድም። የስኳር መለኪያ ከሆነ የገዛ ጣቱን እየወጋ ይፈትነዋል። መኖ ከሆነ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ ሲያብጥ ያሸተዋል። ለውሻ መሸለሚያ ተብሎ የሚሸጠውን ለስላሳ ብስኩት ደግሞ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሀል ጨምቆ ጣቶቹን ያላቅቃቸዋል። ቀስ ብለው ከተላቀቁ «ጣት ከተጣበቀ ስኳር አለ፣ ያ በላይ። ከረጢቱ ይዋሻል፤ ጣት አይዋሽም» ይለኛል። በላይ ስሜ ነው፤ «ያ» የዓረቦቹ መጥሪያ ነው።

ሁለተኛው ልማዱ ጥያቄ ነው። ሰው ገብቶ «ውሻዬ ስኳር ተገኘበት» ሲል ሌላው ሱቅ ዘሩንና ክብደቱን ይጠይቃል። አጎፕ ግን «መርፌው በማን እጅ ነው?» ይላል። ዕቃ የሚመረጠው ለውሻው ብቻ አይደለም፤ ለሚወጋው እጅ ነው። እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው አለ፣ ዓይኑ የደከመ አለ፣ ቁጥር የማያነብ አለ። ውድ ዕቃ ለማይሆን እጅ ከሰጠህ ርካሽ ሞት ሸጥክ ማለት ነው።

በዚያ አገር ደግሞ የጥያቄው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነበር። ገዢዋ ማዳም ናት፤ የምትወጋው በሩ ጋ ቆማ የምትጠብቀው ሠራተኛ ናት።

ማዳም ሬኔ በፈረንጆቹ 2019 መጀመሪያ ላይ ከጎረቤት ሰፈር ከአንጠልያስ ነጭ ፑድል አቅፋ ስትመጣም እንዲሁ ነበር። የሞተው ባሏ አብረው ላከበሩት የመጨረሻ የልደት ቀኗ የሰጣት ውሻ ነው። ስሙ ቦንቦን፣ ከረሜላ ማለት ነው።

«ስሙን ቢቀይሩለት ይሻላል» አለ አጎፕ። «መርፌው በማን እጅ ነው?»

«በእሷ» አለች ማዳም በአገጯ ወደ በሩ እያመለከተች። «እኔ መርፌ ካየሁ እወድቃለሁ፣ ሙሴ አጎፕ።»

«ታዲያ ለምን ውጭ ቆመች? ያላ፣ ነይ ልጄ።»

የገባችው ቀጭን፣ ሻሿን አጥብቃ ያሰረች ልጅ ነበረች። ከድጃ ትባላለች፤ የሐይቅ ልጅ፣ ወሎዬ። አጎፕ ሎሚ፣ ውሃ የተሞላ መርፌና የመለኪያውን ሣጥን ፊቷ አስቀመጠ። መርፌ ለሚጀምር ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሎሚ ያስወጋው ነበር። የሎሚ ልጣጭ የውሻ ቆዳ አይደለም፤ እጅ ፍርሃቱን የሚተወው ግን በሎሚ ነው። ከድጃ ሎሚውን ሳትነካ በአማርኛ ወደ እኔ ዞረች።

«ጋሼ፣ አበሻ ነህ አይደል? ንገርልኝ እስቲ። ሎሚውን ልውጋ፣ ችግር የለም። እኔ ግን እስላም ነኝ። የውሻ እርጥበት ከነካኝ ሰባት ጊዜ መታጠብ አለብኝ፣ አንዱን በአፈር። በቀን ሁለቴ ከሆነ ቆዳዬ አያልቅም?»

«ለማዳምሽ ለምን አትነግሪያትም?»

«ነገርኳት እንጂ። ‹ቦንቦን ካንቺ ይጸዳል› አለችኝ። ሰላጣ ከመንካቴ በፊት እጄን የምታሸት ሴት ናት፣ ጋሼ። ወላሂ፣ እንደ ዓሣ ነው የምታሸተኝ።»

ለአጎፕ ነገርኩት። አልሳቀም፣ አልተቆጣምም። ከመደርደሪያው አንድ ካርቶን የሕክምና ጓንት አውርዶ ከመርፌዎቹ ጋር ደመረው። «እጇ ይህን ከጠየቀ የእጇ ዕቃ ይህ ነው» አለ። ከድጃ ጓንቱን አድርጋ ሎሚውን ወጋችው። አንዴ አሳየኋት፤ በሁለተኛው ከእኔ ይልቅ ቀጥ ብሎ ገባላት። የቦንቦንን ጆሮ ጠርዝ ሞቅ አድርጎ ለስኳር ልኬት ነጥብ ደም ማውጣትንም ያን ቀን ተማረች።

ከዚያ ወዲያ ለዕቃ ሲልኳት ትንሽ ትቀመጥ ነበር። የሚያስቀምጣት የልጇ ወሬ ነው። ጡት አስጥላ ለእናቷ ትታት መጥታለች። «አሁን ሮጣ ትጫወታለች አሉኝ። እኔ ስትቆም እንኳ አላየኋትም» ትለኛለች። ውሏ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበርና ከአፏ የማይጠፋው «ኸላስ፣ በቃ፣ በሚቀጥለው ዓመት» ነው።

በዚያው መኸር መንገዱ በጎማ ጭስ ተዘጋ፤ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ፤ ዶላር ከባንክ ጠፋ። ከፖለቲካው ለእኛ የደረሰው የባዶ መደርደሪያ ነገር ነው። ለእንስሳት ተብሎ የሚሠራው ኢንሱሊን መምጣት አቆመ። ሐኪሞቹ ወደ ሰው ኢንሱሊን ዞሩ። እዚህ ላይ ሙያ የማያውቅ ሰው ይሳሳታል። የሰው ኢንሱሊን ከእንስሳው እጥፍ በላይ የበረታ ነው፤ መርፌውም ለየብቻ ነው። ክዳኑ ቀይ የሆነው ለእንስሳው፣ ብርቱካንማው ለሰው። አዲሱን ብልቃጥ በአሮጌው መርፌ የቀዳ ሰው ውሻውን ያለ ጥርጥር ይገድላል። ስለዚህ አዲስ ብልቃጥ የምሸጠው የቀሩትን ቀይ ክዳኖች ላመጣልኝ ሰው ብቻ ነበር። ስንቱ ሰደበኝ! «የገዛሁትን ለምን ልመልስ? ሌባ ነህ?» የሚል አልጠፋም። ተሰደብኩ፤ በዚያ ስህተት ግን አንድም ውሻ አልሞተብኝም።

መብራት በየሰዓቱ ስለሚጠፋ ኢንሱሊን አያያዝንም አስተማርን፤ ብልቃጡን በፎጣ ጠቅልሎ ቀዝቃዛ ሣጥን ውስጥ፣ በረዶው ግን ሳይነካው። የአጎፕ ጉልበት ደረጃውን እምቢ ያለው በዚያ ሰሞን ነው። ከበረንዳው አልወርድም አለ። የሰፈሩ አሮጊቶች ዳቦ የሚያስጭኑበትን ዓይነት ቅርጫት በገመድ አወረደልኝ። አዲስ ዕቃ በቅርጫቱ ይወጣል፤ ከሰነበተ በኋላ በቅርጫቱ ይወርዳል። ቀጥ ብሎ ከወረደ እሸጠዋለሁ፤ ተገልብጦ ከወረደ ለአምጪው እመልሰዋለሁ። «ከኢንሱሊን የሚገላግል» ተብሎ የመጣን የቅጠል ዱቄት በረንዳው ላይ ባለው የሪሃን ተክል ሥር ደፍቶ ባዶ ቆርቆሮውን አወረደልኝ። ሪሃኑ ደረቀ ብል ይጥምላችሁ ነበር። እውነቱን ለመናገር አማረበት። ለውሻ ግን አይሆንም።

በ2020 የዚያ አገር ብርድ ሳይወጣ ማዳም ሬኔ የታመመች እህቷን ለመጠየቅ ወደ ፓሪስ ሄደች፣ ለሁለት ሳምንት ብላ። የከድጃን ፓስፖርት እንደ ልማዷ መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች። በሩ ላይ የተባባሉትን ከድጃ ነግራኛለች።

«ስመለስ ቦንቦን በእግሩ ቆሞ ከተቀበለኝ ፓስፖርትሽም ቲኬትሽም እጅሽ ይገባል» አለቻት።

«ካልቆመስ፣ ማዳም?»

«ካልቆመ ምን ልልሽ እችላለሁ?»

ከዚያ ወረርሽኙ መጣ፤ አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። ማዳም እዚያ ቀረች፤ ከድጃና ቦንቦን አንጠልያስ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። በዚያ ወራት የአገራችን ልጆች ከነሻንጣቸው መንገድ ላይ ሲጣሉ ይታይ ስለነበር ከድጃ ቤት ስላላት እንኳ ታመሰግን ነበር። የልጅቷ ወደ አገር መግባት ግን በአንድ ፑድል እግር ላይ ተንጠልጥሏል። እኔም አባት ነኝ። የራሴ ልጅ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስትስቅብኝ የሷ ልጅ ትታየኝ ነበር።

ወረርሽኙ ጓንትንም አጠፋብን። አገሩ ሁሉ ጓንት ፈላጊ ሆነ። ለከድጃ የመጨረሻውን ካርቶን አቆይቼላት ነበር፤ እሱም አለቀ። «አብሽር ጋሼ፣ አፈር አለ» አለችኝ። በባዶ እጇ መሥራት፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ካለው የአበባ ገንዳ አፈር እያነሳች መታጠብ ያዘች።

ረመዳን ገባ። የቦንቦን የማታ ልኬት ከፍ ማለት ጀመረ። ሐኪሙ በስልክ መኖውን ጠየቀ፣ ያው ነው። ኢንሱሊኑን ጠየቀ፣ አልቀዘቀዘም፣ አልሞቀም። መጠኑን ጨመረ። ማታ ላይ ያው ከፍ ያለ ቁጥር መጣ። እንደገና ጨመረ። እኔም ብሆን ሌላ የማደርገው አልነበረም፤ ቁጥሩ ከተነገረህ የምትሠራው በቁጥሩ ነው።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ! ቦንቦን ሰከረ!»

«ምን አጠጣሽው?»

«ኧረ ወላሂ ምንም! እግሩ አልታዘዝ አለው። ዓይኑን አፍጥጧል፣ ግን አያየኝም። ይንቀጠቀጣል!»

ስኳሩ ወርዶ ነው። «ማር አለ?»

«የማዳሜ አለ።»

«በጣትሽ ድዱን ቀቢው። ጉሮሮው እንዳታፈሺበት፤ ድዱን ብቻ።»

«ቢነክሰኝስ?»

«ይንከስሽ!»

«ጋሼ… ጾም ይዣለሁ እኮ።»

«ማሩን አንቺ አይደለሽም የምትበዪው፣ አንቺ ልጅ!» ብዬ ጮህኩ። ምሕረት ከክፍሏ ብድግ ብላ ወጣች። እስከ ዛሬ «ማሩን አንቺ አይደለሽም» እያለች ትቀልድብኛለች። ያን ጊዜ ግን የሳቀ አልነበረም።

መኪና በሰሌዳው ጎዶሎና ሙሉ ቁጥር ተራ የሚነዳበት ሰሞን ስለነበር በእግሬ ሄድኩ። ስደርስ ከድጃ ውሻውን በፎጣ ጠቅልላ እቅፏ ውስጥ አድርጋዋለች። ያቺ ሰባት ጊዜ የምትታጠብ ልጅ ለሃጩ ክንዷ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም። «ጋሼ፣ ይሞት ይሆን? ልጄን ላላያት ነው?» አለችኝ። ተሸክመን ሐኪሙ ጋ ሮጥን። ግሉኮስ በደም ሥሩ ገባለት። ከቀትር በኋላ ቀና ብሎ ጭራውን ነቀነቀ።

ሐኪሙ መለኪያው ተበላሽቷል ብሎ ጠረጠረ፤ መጠኑን ወደ ድሮው መለሰ። እኔም መለኪያውንና ደም የሚነካበትን ስትሪፕ በአዲስ ቀየርኩ። በማግስቱ ማታ አዲሱ መለኪያ ያንኑ ከፍ ያለ ቁጥር አወጣ። እኔ በልቤ ከድጃን ጠረጠርኩ፤ የሆነ ጣፋጭ እያበላችው ነው አልኩ። ጠየቅኋት። በልጇ ማለች።

በረንዳው ሥር ቆሜ ለአጎፕ ነገርኩት። ቅርጫቱን እያወዛወዘ አዳመጠኝ።

«ጠዋትስ?»

«ጠዋት ደህና ነው።»

«ጠዋት ማን ይለካል?»

«እሷ።»

«ማታስ?»

«እሷው።»

«መለኪያው ተቀየረ። ስትሪፑ ተቀየረ። ያልተቀየረው እጁ ነው» አለ። «ያ በላይ፣ ያስተማርኩህ ግማሹን ነው መሰለኝ። መርፌው በማን እጅ እንደሆነ ታውቃለህ። እጁ ከዚያ በፊት የት ነበር?»

በዚያው ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንጠልያስ ሄድኩ። ከድጃ ገበታዋን አቅርባለች፤ ውሃ፣ ሾርባ፣ ሦስት ተምር። ቦንቦን እግሯ ሥር ሆኖ ሰዓቱን ይጠብቃል። አጠገቧ መለኪያው ተዘጋጅቷል። ከስልኳ አዛኑ ተሰማ። «ቢስሚላህ» ብላ ተምሩን ሰነጠቀች፣ ፍሬውን በጣቷ አወጣች፣ ጎረሰች፣ ውሃ ተጎነጨች። ከዚያ ውሻው እንዳይቆይባት ብላ ሾርባዋን ሳትነካ ተነሳች። በዚያችው ጣቷ የጆሮውን ጠርዝ አሸት አሸት አድርጋ አሞቀችው፣ ወጋችው፣ ነጥቧን ደም ለስትሪፑ ሰጠችው።

ቁጥሩ ከፍ ያለ ነው።

«ከድጃ፣ እጅሽን ስጪኝ» አልኳት። ደነገጠች፤ ሰጠችኝ። አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን አንድ ላይ ጫንኩና ለቀቅኩ። ቀስ ብለው ተላቀቁ።

ጣት ከተጣበቀ ስኳር አለ።

«ታጠቢ» አልኳት።

«እታጠባለሁ እንጂ ጋሼ፣ አሁን ልታጠብ ነው፤ ሰባት ጊዜ…»

«አሁን አይደለም፣ ከእሱ በፊት። እጅሽንም ጆሮውንም። አንዴ ይበቃል።»

በሳሙና ታጠበች፤ የውሻውን ጆሮ በንጹህ ጨርቅ ጠርገን አደረቅን፤ በሌላኛው በኩል እንደገና ለካች። ቁጥሩ ወደ ቦታው ወርዶ ተቀመጠ። ከድጃ ስትሪፑን አየች፣ ተምሩን አየች፣ ጣቷን አየች።

«እኔ ነኝ?» አለች። «ሊሞት የነበረው በኔ ነው?»

ማጽናናት ያንሰኛል፤ ልጄም ትመሰክራለች። ያለኝን እውነት ግን ነገርኳት። «ተምሩ ነው፣ ጓንት የጠፋበት ዘመን ነው፣ ሐኪሙም እኔም ነን። አንቺ ከሁላችንም ይልቅ እጅሽን የምታጥቢ ሰው ነሽ። እድፉ ከውሻው ወደ አንቺ ብቻ የሚሄድ መሰለን፤ ከአንቺ ወደ እሱ ይሄዳል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።»

ይህን ያልኩት ለእሷ ነው፤ ለራሴም ነው። ሰው ሁሉ ከሌላው የሚመጣበትን ቆሻሻ ይፈራል፤ ወደ ሌላው ይዞት የሚሄደውን አይመረምርም። ምሕረት ስንቴ እንደሰማችው እሷ ታውቃለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከድጃ ሁለቴ ትታጠብ ነበር፤ በፊቱም በኋላውም። ቦንቦን በረመዳንም ከረመዳን በኋላም ደህና ሆነ። ዓይኑን ግን ሞራ ጋረደው። ስኳር ያለበት ውሻ አብዛኛው የሚደርሰው እዚያ ነው፤ ሐኪሙም አስቀድሞ ነግሮን ነበር።

ሰኔ ሲያልቅ አውሮፕላን ማረፊያው ተከፈተ፤ ማዳም ሬኔ ተመለሰች። ቦንቦን በእግሩ ቆሞ በሩ ላይ ተቀበላት። ጠረኗን ይዞ መጥቶ ጫማዋ ላይ ተኛ። እሷም መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እኔ ይህን የሰማሁት ከድጃ ስትደውልልኝ ነው። እሷም ታለቅስ ነበር፤ በሌላ ምክንያት።

«እምቢ አለችኝ ጋሼ። ቃሏን በላች። ‹አንቺ ከሄድሽ ማን ይወጋዋል? አንድ ዓመት ብቻ ጨምሪልኝ› ትላለች። ቢሞት አልሄድም፤ ቢድን አልሄድም! ያኒ፣ መች ነው የምሄደው?»

አጎፕ ይህን ሲሰማ ከበረንዳው ወደ ውስጥ ገብቶ ተመለሰ። ከዚያ ቅርጫቱን አወረደ። ውስጡ አንድ ሎሚ ነበር።

በማግስቱ ማዳም ሬኔ ሳሎን ውስጥ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ዕቃ መምረጥ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ እጇን አየሁ። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ቀለበት ሞልቶባቸዋል፣ መነጽሯ ወፍራም ነው። የመርፌን ቀጭን መስመር የሚያነብ ዓይን የላትም። ሐኪሙን አስፈቅጄ የያዝኩላት እንደ ብዕር የሚያዘውን የኢንሱሊን መርፌ ነው፤ መጠኑ ጫፉን ሲያዞሩት ቀጭ ቀጭ እያለ ይቆጠራል፣ በጆሮ ይሰማል። መርፌው አጭር ነው፤ ሲወጋም አይታይም። ሱቃችን ውስጥ የቀረው የመጨረሻው ነበር።

«ሙሴ በላይ፣ እኔ አልችልም። እወድቃለሁ ብያችሁ ነበር።»

«ተቀምጠው ነው የሚወጉት፣ ማዳም። ወድቀው ሩቅ አይሄዱም።»

ሳትፈልግ ሳቀች። ሎሚውን ሰጠኋት። ከድጃ ከጎኗ ተንበርክካ እጇን በእጇ ያዘችው። «ቆዳውን እንዲህ አንሺ። አትፍሪ፣ ሎሚ አይጮህም።» ማዳም ዓይኗን ጨፍና ወጋች። ገልጣ አየች። ሌላ ሎሚ ከኩሽና መጣ። በሦስተኛው ሎሚ ላይ «ሞን ዲዩ፣ አምላኬ» ማለቷን ተወች። የጆሮውንም ልኬት በደረቁ አለማመድናት፤ ቦንቦን ዝም ብሎ ሰጣት።

እውነተኛው የማታው ልኬት ደረሰ። ማዳም ደፋር ለመሆን ይመስለኛል፣ ከፓሪስ ካመጣችው ቸኮላት አንዱን ለእኔ ሰጥታ አንዱን ራሷ በላች። ጣቷን ላሰችና ወደ ውሻው ጆሮ እጇን ዘረጋች።

«ማዳም!» አለች ከድጃ። «እጅ!»

«ሹ? ምን?»

«እጅሽን። መጀመሪያ ታጠቢ።»

ሰላጣ ከመነካቱ በፊት የከድጃን እጅ ስታሸት የኖረች ሴት፣ የተዘረጋ እጇን አየር ላይ እንዳንጠለጠለች ልጅቷን አየቻት። እኔ ቸኮላቴን አልጎረስኩም። ከዚያ ማዳም ሬኔ ተነሳች። ቀለበቶቿን አንድ በአንድ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ኩሽና ገባች፣ ውሃው ሲወርድ ሰማን። ተመልሳ እርጥብ እጇን ለከድጃ አሳየቻት። ከድጃ በፎጣ አደረቀችላት፤ ጣቷን ከጣቷ ነካ አድርጋ አላቀቀችው።

«አሁን ይሆናል» አለች።

ለካች። ጫፉን እያዞረች ቀጭ ቀጭ ሲል አብረን ቆጠርን። ወጋችው። አልወደቀችም። ቦንቦን የቀረበለትን መኖ መብላቱን ቀጠለ። ማዳም ከድጃን ሳታያት ከአንገቷ ቁልፍ አውልቃ «መሳቢያውን አንቺው ክፈቺው» አለች።

ከድጃ በሐምሌ ሄደች። በፈረንጆቹ ነሐሴ መጀመሪያ የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። ዛልቃ ድረስ መስታወቱ ሁሉ ረገፈ፤ የእኛም ሱቅ ከነመደርደሪያው ወደቀ። አጎፕ ቆሞ ተረፈ፤ ሱቁን መልሶ የማቆም ጉልበት ግን አልነበረውም፤ ለእኔም አልቀረልኝም። ደህና የሆኑትን ዕቃዎች ለቅመን ለሐኪሙ ሰጠን፤ ቦንቦንም ከዚያ ይወስድ ነበር። ቁልፉን በቅርጫቱ አድርጌ ላክሁለት። ጎተተው። ትንሽ ቆይቶ ቅርጫቱ ባዶውን፣ ቀጥ ብሎ ወረደ።

ደጁ ላይ የቀረውን ስብርባሪ ስጠርግ ነበር ከሐይቅ የድምፅ መልእክት የመጣልኝ። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ሰማሁት።

«ጋሼ፣ ደህና ነህ ወይ? ፍንዳታውን ሰምቼ ነው፤ ማዳሜም ቦንቦንም ደህና ናቸው አሉኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ልጄ እምቢ ብላኝ ነበር። እናቴን ‹ይቺ ሴትዮ መች ነው የምትሄደው?› ብላ ጠየቀቻት። ሰሞኑን ሁሉ ከሩቅ ነው የምታየኝ። ዛሬ ሸንኮራ ስትመጥ ውላ መጣችና ሳላስበው እጄን ያዘችኝ። እጇ፣ ጋሼ፣ ጥብቅ ብሎ ተጣበቀብኝ። ታጠቢ ልላት ነበር። አላልኳትም። አሁንም እንደያዘችኝ ነው፤ በግራ እጄ ነው የምቀዳልህ።»

መልስ ልልክ አፌን ከፈትኩ። ምክር ነበር የመጣልኝ። ዋጥኩትና መጥረጊያዬን አነሳሁ።